ያልሰማችው ጥያቄ

ባለፈው ሳምንት ሷሊሕን ስልክ እንዳስያዝነው ነበር ትተነው የሄድነው። ዛሬም ከዚያው እንነሣ፤ የምስኪኑ እጅ እስካሁን አላረፈምና።

ላመለጠው አንባቢ ነገሩ እንዲህ ነው። ሷሊሕ ሸዋሮቢት ከተማ ውስጥ ፊዚክስ ያስተምራል። አባቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሐጂ አብዱልወሃብ የሽንኩርትና የማሽላ መጋዘን ጆንያ ሲሸከሙ ኖረው፣ ጀርባቸው ሲጎብጥ የዚያው መጋዘን ጠባቂ ሆነዋል። ልጃቸው ደግሞ ማንን ቢወድ ጥሩ ነው? የዚያኑ የሐጂን አንድያ ልጅ፣ ኑርሃንን። እሷም ትወደዋለች። ሐጂ ይህን አያውቁም። ቢያውቁ ኖሮ ያን ቀን ሌላ ሰው ያስጠሩ ነበር።

ኑርሃን ያለችው ጀርመን አገር ነው። ሥራዋ አቶም ማቀዝቀዝ ነው፤ ያውም በብርሃን። ይህን ለሸዋሮቢት ሰው ማስረዳት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተች ያሳደጓት አክስቷ እትዬ ሰይዳ ነገሩን የሰሙ ዕለት፣ «በብርሃን? ብርሃን ያቃጥላል እንጂ መቼ አቀዝቅዞ ያውቃል? እዚያ ያለችው ፀሐይ ሌላ ናት እንዴ?» ብለው ሰፈሩን ሁሉ አስቀዋል። በግንቦት ሙቀት ጥላ ሥር ተቀምጦ ላቡን የሚጠርግ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም።

ታዲያ ያን ቀን የካራቆሬ ሽማግሌዎች መጥተው ሀሩን ለሚባል ነጋዴ ልጅ ኑርሃንን ጠየቁ። ሐጂ፣ «የልጄን ፈቃድ ሳልሰማ አልሰጥም» አሉ፤ ለዚህስ ይመሰገናሉ። ግን በኢንተርኔት መደወል አይችሉበትም። «ያንን አስተማሪ ልጅ ጥሩልኝ፣ የኛን ዘበኛ ልጅ» አሉ። ሷሊሕ ለምን እንደተጠራ እንኳ ሳያውቅ መጥቶ በራሳቸው በሐጂ ስልክ ደወለላቸው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎም ስልኩን በሽማግሌዎቹ መሀል ያዘላቸው።

«ሄሎ? አባዬ? ይሰማል?» አለች ኑርሃን።

«ይሰማል ልጄ» አሉ ሐጂ። ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ሀሩን የሚባል የጨዋ ልጅ ጠይቆሻል። ሽማግሌዎቹ እዚሁ ናቸው። ምን ትያለሽ?» ሲሉ ጠየቋት።

ዝም አለች። ሽማግሌዎቹ ተያይተው ፈገግ አሉ። ያላገባች ልጅ በዚህ ነገር ስትጠየቅ ዝምታዋ ፈቃዷ ነው፤ በሃይማኖቱም ያለ ነው፣ የይፋት ሰውም ከጥንት ያውቀዋል። ሷሊሕ በልቡ ተናገሪ፣ እባክሽ ተናገሪ እያለ ይለምናል። ከዚያ ሳቅ የመሰለ ሲቃ ተሰማ። ቀጥሎ ኑርሃን ከሆዷ፣ ጮክ ብላ፣ «አልሐምዱሊላህ!» አለች።

ከዝምታም አልፋ አመሰገነች! ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ስልኩን የያዘውን ልጅ ፊት ያየ ሰው የለም።

ያን ማታ ሷሊሕ የኑርሃንን ቁጥር ዘጋው። ደጋግማ ደወለች፤ አልገባላትም። የላከችው መልእክት ሁሉ ሳይደርስ ቀረ። እሱም እንደዘጋት ያውቃል፤ እያወቀ ግን ጠዋት ሲነሣ መጀመሪያ የሚያየው ስልኩን ነበር።

* * *

ለኒካሁ፣ ለጋብቻው ውል፣ አንድ ቀን ሲቀረው ሷሊሕ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከሮቢ ወንዝ በሞተር በሚጠጣው የአባቱ የሽንኩርት ማሳ ላይ ነበር። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ውሃውን ከመደብ ወደ መደብ ይመራል። ባጃጅ ቆመ። የወረደውን ሰው ሊያይ ቀና አለ። ኑርሃን ነበረች።

አንድ ጊዜ አይቷት ወደ ውሃው ተመለሰ። ያቺ አፍታ ግን ለሁለቱም በቃቻቸው። እሷ ከስቶ አየችው። እሱ ደግሞ ዓይኖቿ አብጠው አየ፤ ለምን እንዳበጡ ግን ራሱን ሊጠይቅ አልደፈረም።

«መብሩክ፣ እንኳን ደስ አለሽ» አላት።

«ለምን ዘጋኸኝ?»

«የሰው እጮኛ ላይ ልደውል?»

«ሷሊሕ!»

«እኔ ነበርኩ የያዝኩት» አለ። «ስልኩን። አባትሽ ሲጠይቁሽ ስልኩን የያዝኩት እኔ ነኝ። ዝም ስትይ ልቤ ሊቆም ደርሶ ጠበቅኩሽ። ከዚያ አልሐምዱሊላህ አልሽ። ማንም አልነገረኝም፣ በገዛ ጆሮዬ ነው የሰማሁት። እሺ ማለትሽንስ እችለው ነበር ኑርሃን። አባትሽን ፈርታ ነው ብዬ እጽናና ነበር። ደስታሽን ነው ያልቻልኩት።»

ኑርሃን ነጭ ቀሚሷን እንደለበሰች እርጥቡ መደብ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።

«አልሰማሁትም» አለች። «አባዬ የጠየቀኝን አልሰማሁትም። ላቦራቶሪው ምድር ቤት ነው፤ የኔ ድምፅ ወደ እናንተ መጣ እንጂ የናንተ ወደኔ አልመጣም። ይሰማል ብዬ ጠበቅኩ፣ ዝም ነው። መስመሩ ይመለሳል ብዬ ስልኩን ሳልዘጋ ጠረጴዛው ላይ ተውኩት። ያኔ ነው ኮምፒውተሩ ላይ ምስሉ የመጣው።»

«የምን ምስል?»

«የአቶሞቹ። ያ ሁሉ ተበታትኖ የነበረው ደመና ተሰብስቦ፣ የጤፍ ፍሬ አክሎ። ቀዝቅዞ! ሷሊሕ፣ አልሐምዱሊላህ ያልኩት ለእነሱ ነው። ለሀሩን አይደለም። ሀሩን የሚባል ሰው በምድር ላይ መኖሩንም ያወቅኩት ከትናንት ወዲያ ነው፣ ከመኪና ስወርድ በራችን ላይ ዳስ ተጥሎ ሳይ። የማን ሠርግ ነው ብዬ የጠየቅኩት እኔ ነኝ!»

ውሃው መደቡን ሞልቶ ወደ ጎረቤት ማሳ መፍሰስ ጀመረ። ሷሊሕ አላቆመውም።

ሌላ ሰው ቢሆን ተረትሽን ተይ ይላት ነበር። ሷሊሕ ግን ከምን ጋር ስትታገል እንደኖረች ያውቃል፤ በየማታው በስልክ አብሯት ታግሏል። አቶሞቹን ባዶ ዕቃ ውስጥ አንጠልጥሎ የሚይዛቸው ማግኔት ነው፤ ግድግዳ የለም፣ እጅም አይነካቸውም። የሌዘሩ ብርሃን ደግሞ በሚሮጡበት አቅጣጫ ፊት ለፊት እየመጣ ይገፋቸዋል። ሙቀት ማለት የአቶም ሩጫ ነውና፣ ሩጫቸው ሲበርድ እነሱም ይቀዘቅዛሉ። ጣጣው ማግኔቱ አቶሙን የሚይዘው ፊቱን ወደ አንድ ወገን እንዳደረገ ሲቆይ ብቻ መሆኑ ነው። ብርሃኑ በማይሆን መንገድ ነክቶ ፊቱን ካስዞረው፣ ያ ይዞት የነበረው ማግኔት ራሱ ገፍትሮ ያስወጣዋል። እንደያዙ ማቀዝቀዝ፣ እያቀዘቀዙም አለመልቀቅ፤ ኑርሃን ስንት ሌሊት ያለቀሰችው በዚህ ነው።

«ከወጥመዱ ሳይወጡ?» አለ ሷሊሕ ድንገት። ለሠርጓ አንድ ቀን የቀራት ፍቅረኛው ፊቱ ተቀምጣ መጠየቅ የነበረበት ይህን አልነበረም። ከአፉ የወጣው ግን ይኸው ነው።

«ሳይወጡ» አለች፣ እንባዋ እየወረደ። «አንዱም ፊቱን ሳያዞር።»

«ማሻአላህ» አለ። እሱም ማልቀስ ጀመረ።

«መጀመሪያ የደወልኩት ላንተ ነው። አንተ ፊትህን አዙረሃል። አክስቴ መብሩክ ብላ ስትልክልኝ በክፍቱ ስልክ የአቶሞቹን ደስታ የሰሙ መስሎኝ፣ 'አላህ ይጨምርልን፣ ብዙ ለፍቼበታለሁ' ብዬ መለስኩላት። ወላሂ እንደዚህ ነው ያልኳት! ቶሎ ነይ ስትለኝም ለዚያው ደስታ መስሎኝ መጣሁ። ቤቱ ሁሉ ስቋል አሉ።» ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። «አቶም አቀዘቀዝኩ ብዬ ያንተን ልብ አቀዘቀዝኩት።»

«ቢቀዘቅዝማ በምን ዕድሌ» አለ ሷሊሕ። «ባረፍኩ ነበር።»

አጠገቧ ቁጭ አለ። ለአባቷ ነግራቸው እንደሆነ ጠየቃት። ነግራቸዋለች። ሐጂ ቢቆጧት ይሻል ነበር፤ አልተቆጡም። «ልጄ፣ ያን ሁሉ ሽማግሌ ምስክር አድርገሽ አልሐምዱሊላህ ካልሽ በኋላ አልሰማሁም ይባላል? ፈርተሽ ነው። የማይፈራ ሙሽራ የለም» ብለው ራሷን ዳበሷት። ከብቱ ተገዝቷል፣ የካራቆሬ ዘመድ ተጠርቷል፣ የጅዳው ዘመድ ሳይቀር ቀኑን ይጠብቃል። ቃል የእምነት ዕዳ ነው ብለው ያሳደጓት ሰው ቃላቸውን እንዴት ይጠፉ?

የምወደው ሰው አለ በያቸው ሊላት ፈለገ። ምላሱ ጫፍ ደርሶ ተመለሰ። አባቱ የሚያድሩት በሐጂ መጋዘን ነው፤ በዚህ ዕድሜያቸው ማን ሌላ ያስጠጋቸዋል? ኑርሃንም ይህን ስለምታውቅ ነው ስሙን ያላነሣችው።

«ነገም ተጠርቻለሁ» አላት። «የሀሩን ወንድም ጅዳ ነው ያለው። ኒካሁን በቪዲዮ እንዲያይ ስልክ እንድይዝ።»

«እምቢ በል።»

«በምን አፌ?»

«እኔስ ታዲያ በምን አፌ?» አለች ኑርሃን።

ፀሐይዋ አናታቸውን ስትበላው ቆይታ ወደ ተራራው አዘነበለች። ኑርሃን ስትነሣ ጭቃውን ከቀሚሷ ላይ ሊያራግፍላት እጁን ዘረጋና መለሰው። እሷም መመለሱን አየች። ከወሰዳት ባጃጅ ይልቅ ያቺ የተመለሰች እጅ አራቀቻቸው።

ያን ማታ ሷሊሕ ቁጥሯን ከፈተው። ምንም ግን አልጻፈላትም። ምን ብሎ ይጻፍ?

* * *

ከጁምዓ ሰላት በኋላ ዳሱ ሞላ። መብራት ሄዶ የሴቶቹ ክፍል ማራገቢያ ቆሟል፤ ኑርሃን በሙሽራ ልብሷ ውስጥ ላብ በላብ ሆናለች። ሁለት ምስክሮች መጋረጃው ጋ ቆመው በወጉ መሠረት ጠየቁ። «ኑርሃን፣ አባትሽ ለሀሩን እንዲድሩሽ ፈቅደሻል?»

ይህን ጥያቄ ሌሊቱን ሙሉ ስትጠብቀው ነበር። እጮሃለሁ ብላ ነበር። «አልፈቀድኩም» ያለችው ግን አጠገቧ ላለ ሰው ብቻ የሚሰማ ሆነ።

አጠገቧ ያሉት እትዬ ሰይዳ ነበሩ። ሰሙ። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ይህችን ልጅ ከልጅነቷ ጀምሮ በጀርባቸው አዝለው አሳድገዋል። ዳሱ ሙሉ ሰው፣ የወንድማቸው ፊት፣ የካራቆሬ እንግዳ በዓይናቸው መጣባቸውና ደንግጠው እልል አሉ። ያልሰሙት ሴቶች ተቀበሏቸው። ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። ምስክሮቹ «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ» እያሉ ወደ ዳሱ ተመለሱ።

«አክስቴ!» አለች ኑርሃን።

«ዝም በይ የኔ ልጅ፣ ዝም በይ» አሉ ሰይዳ እያለቀሱ፣ እጃቸውን አፏ ላይ አድርገው። «አባትሽን በቁሙ ልትገድይው ነው? ዝም በይ፣ ይለመዳል።»

ዝም በይ! እዚህ የጣላት ዝምታ መሆኑን ማን ይንገራቸው? ኑርሃን ከእጃቸው አምልጣ ጓዳ ገባችና በሩን ከውስጥ ቀረቀረች። ስልኳን አወጣች። አባቷ ጋ ብትደውል አያነሡም። በዚያ ዳስ ውስጥ ክፍት የሆነ ስልክ አንድ ብቻ ነው፤ በማን እጅ እንዳለም ታውቃለች።

ሷሊሕ ከሼሁ ጎን ቆሟል። የጅዳው ሰው ምርቃት ለሁሉ እንዲሰማ የሷሊሕን ስልክ በባትሪ ከሚሠራው ድምፅ ማጉያ ጋር አያይዘውታል። ሐጂና ሀሩን እጅ ለእጅ ተያይዘው ተቀምጠዋል፤ ሼሁ ነጭ ጨርቅ በእጃቸው ላይ ጣል አድርገው ማንበብ ጀምረዋል። ከዳሱ መግቢያ የሷሊሕ አባት ማንቆርቆሪያ ይዘው ለእንግዳ እጅ ያስታጥባሉ። ልጃቸው ከትላልቅ ሰዎች መሀል መቆሙ አኩርቷቸው ከሩቅ ፈገግ አሉለት።

ያኔ ስልኩ ላይ «ኑሬ» የሚል ስም በራ።

ሷሊሕ አባቱን አያቸው። ቢዘጋው አባቱ ነገም ፈገግ ይላሉ፣ ማታም በመጋዘናቸው ያድራሉ። ከአፉ አንዲት ቃል እንኳ አይፈለግም፤ እንደለመደው ዝም ቢል ይበቃል። ስሙ እየበራ ሊጠፋ ሲል ትናንት የመለሳት እጅ ትዝ አለችው። አነሣው።

«ሄሎ?» ድምፅ ማጉያው ዳሱን ሞላው። «አባዬ? ይሰማል?»

ሼሁ ንባባቸውን አቆሙ። ሐጂ እጃቸው ከሀሩን እጅ እንደተያያዘ ቀና አሉ።

«አባዬ፣ ያኔ ዝም ያልኩት ስላልሰማሁህ ነው። ዛሬ ደግሞ ተናገርኩ፣ እልልታው ዋጠኝ። አሁን ይሰማኛል። በአላህ፣ አንተ ራስህ ጠይቀኝ።»

«ዝጋው! አንተ ልጅ፣ ዝጋው!» አለ አንድ ሰው ከኋላ። ሷሊሕ ስልኩን ከፍ አድርጎ ያዘ።

ሼሁ እጃቸውን አነሡ። «ተዉት። ዝምታ ፈቃድ የሚሆነው ጥያቄው ሲሰማ ነው። ሐጂ፣ ይጠይቋት።»

ሐጂ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ኑርሃን» አሉ። «ሀሩን እዚሁ ነው። እጁን ይዤዋለሁ። ልዳርሽ ወይስ . . .» መጨረስ አቃታቸው።

ስልኩ ዝም አለ። ሰው ሁሉ አንገቱን ሰግጎ የሷሊሕን እጅ ያያል። ኔትወርኩ ተቋርጦ ይሆን? ይህም ዝምታ እንደዚያኛው ሊቆጠርባት ነው? ሷሊሕ ያ ረቢ፣ ያ ረቢ ይላል፤ ከውስጡ ይሁን በአፉ ለራሱም አልታወቀውም።

«አልፈቀድኩም» አለች ኑርሃን። ሲቃዋ በማጉያው ውስጥ ተሰማ። «አባዬ፣ አፉ በለኝ። አልፈቀድኩም።»

መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው ሀሩን ነው። እጁን ከሐጂ እጅ ቀስ አድርጎ አወጣ። «ደስ ብሏታል ነበር ያላችሁኝ» አላቸው ሽማግሌዎቹን። ወደ ሐጂ ዞሮ፣ «አፉ ይበሉኝ ሐጂ። የማትፈልገኝን ልጅ በእልልታ አልወስድም» አለና ተነሣ። ወገኑም ተነሣ። ሚኒባሶቹ ሞተር ሲያስነሡ፣ ሰዉ ዓይን ለዓይን ሳይተያይ በጎንና በጎን ወጣ። የሷሊሕ አባት ማንቆርቆሪያውን እንዳጋደሉ ቀርተው ውሃው እግራቸው ላይ ይፈሳል።

«ቆይ ግን» አለ ከወጪዎቹ አንዱ፣ «ለምን በዚህ ልጅ ስልክ ደወለች?»

ሐጂ ግን ዓይናቸውን ወደ ስልኩ አነሡና ስሙን አነበቡ። ኑሬ። ሟች እናቷ የምትጠራት በዚህ ነበር፤ ከቤት ውጭ የሚያውቀው ሰው ያለ አይመስላቸውም። ከስሙ ወደ ሷሊሕ ፊት ተሻገሩ። ሷሊሕ መሬት ቢከፈትለት ይገባ ነበር። ፊቱን ግን አላዞረም።

ዳሱ ባዶ ሆነ። የሷሊሕ እጅ ዝሎ ወረደ። ማጉያውን ነቅሎ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ።

«ሄሎ?» ትላለች ኑርሃን። «ይሰማል?»

«ይሰማል» አላት።

«አባዬ ምን አለ?»

«ምንም። ዝም ብለዋል።»

«ምን ዓይነት ዝምታ?»

ሷሊሕ ሐጂን አያቸው። ነጩ ጨርቅ ጉልበታቸው ላይ ወድቋል። ሀሩን የለቀቀው እጃቸው እንደተዘረጋ ነው።

«እኔ እንጃ ኑሬ» አለ። «ሰዉ ሁሉ ሄዷል። እሳቸው ግን አጠገቤ ቁጭ ብለዋል። አልተነሡም። እኔንም ሂድ አላሉኝም።»